ተከራይ ብዬ የጻፍኩት ጭሰኛ

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ አንዱ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦ ዘግቷል፣ ሌላው የእኔን ወረቀት ለአራት አጥፎ ይዟል። «ይቺን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ ወረቀቱን የያዘው። «አዎ፣ እንዴት አገኘሃት?» አልኩት ፊቴ በርቶ። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው፣ ጽሑፍሽን አነበብኩ የሚል ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚሞኝ እንዲታወቅ ነው ይህን የምጽፈው። ለካ አንባቢዎች አልነበሩም። «ነይ፣ ተከተይን» አሉኝ። ከሰልፉ ስወጣ ከኋላዬ የነበረችው ሴት አንድ እርምጃ ተጠግታ ቦታዬን ያዘች።

ጣቢያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የሴቶቹን ክፍል መጀመሪያ ሳየው ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከወለሉ ክንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሴቶች ጭንቅላት የተወው የቅባት መስመር ክፍሉን ይዞራል። የት እንደምቀመጥ ማንም አልነገረኝም፤ መስመሩ ላይ ክፍት ቦታ ፈልጌ እኔም ጭንቅላቴን አስደገፍኩ። ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሆንን። ጥግ ላይ በአንሶላ የተከለለ ባልዲ አለ። በረኪና ይሸታል፣ በረኪናው ሊሸፍነው ያልቻለውም ይሸታል። ከአጥሩ ውጪ የታክሲ ረዳቶች «ጀሞ፣ ጀሞ፣ አንድ ሰው» እያሉ ይጣራሉ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል።

ወረቀቷ ምን እንደነበረች ላስረዳ። ስምንት ገጽ ናት። መካኒሳ ከቤቴ በታች ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት አስባዛትና ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው አድላለሁ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሰጡትን ሁሉ ያነባል። የዚህ አገር ታሪክ ሲነገር ነገሥታቱና ጦርነቶቹ ይነገራሉ፤ ያረሰው፣ የተሸከመው፣ አንድ ቀን «ከእንግዲህስ አልሸከምም» ያለው ሰው ግን ያለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ ያውም ለመፍታት ሌላ መጽሐፍ በሚያስፈልጋቸው ቃላት ታሽጎ። እኔ እሽጉን ፈትቼ፣ እህቴ ሱቋ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣላት ቁጭ ብላ ልታነበው በምትችለው አማርኛ ልጽፈው ፈለግኩ። እንደሚሳካልኝም አምን ነበር። ትንሽ እኮራም ነበር።

ያቺ ያሳሰረችኝ እትም በንጉሡ ዘመን ስለነበሩ ጭሰኞች ናት። ጭሰኛ ማለት በባለ ርስት መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያርስ፣ ከምርቱም ለባለ ርስቱ የሚያካፍል ገበሬ ነው። በአንድ ወረዳ የባለ ርስቱን ድርሻ በገዛ ጀርባቸውና በገዛ አህያቸው እየጫኑ ጎተራው ድረስ ማድረስ ግዴታቸው ነበር። አንድ ዓመት ተማከሩና ድርሻውን አውድማው ላይ ከምረው «እህልህ ያውልህ፣ መጥተህ ውሰድ» አሉት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጥይት አልተተኮሰም። ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ከመሬቱ ተነቀሉ።

ጽሑፉን ላስባዛ በሄድኩ ዕለት፣ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅ የመጀመሪያውን ገጽ እያወጣች አነበበችና «ቲቸር፣ ጭሰኛ የሚያጨስ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ታሪክ ያስተማረቻት እንደ እኔ ያለች መምህርት ናት። የምጽፈው ለእሷ ከሆነ፣ እሷ የማታውቀው ቃል ምን ይሠራልኛል? ፍላሼን መልሳ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችና «በምን ልቀይረው?» አለችኝ። «ተከራይ በይው» አልኳት። ጥቂት ቁልፎች ተጫነች፤ ጭሰኛው ሁሉ ተከራይ ሆነ፣ ባለ ርስቱ ሁሉ አከራይ። ዓመተ ምሕረት ሲበዛ አንባቢ ይሸሻል ብዬ ዘመኑንም ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ ወደ አራተኛው ወሰድኩት። በመጨረሻ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ የሚል ሆነ፤ «ተከራዮቹ ተሰብስበው መከሩ። ከእንግዲህ ወደ አከራዩ ቤት ምንም ይዘን አንሄድም ተባባሉ።» ይህን ነው እንግዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም በር ላይ፣ የቤት ኪራይ በጨመረበት ሰሞን በእጄ ያደልኩት።

ሰኞ ፍርድ ቤት አቀረቡኝ። ፖሊስ ተከራዮች ኪራይ እንዳይከፍሉ በማነሳሳት ጠርጥሬያታለሁ ብሎ አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ጠየቀ። ስለ ንጉሡ ዘመን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ዳኛው ተፈቅዷል ብለው ቀጣዩን መዝገብ ጠሩ። በመኪና ስንመለስ ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ፖሊስ የማለቅስ መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ።

መርማሪዬ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። አልጮኸብኝም፣ እጁንም አላነሳብኝም፤ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ይህን ለይቼ የምናገረው ከሌሎቹ ክፍሎች የሚመጣውን ድምፅ በግድግዳው በኩል ስለሰማሁ ነው። ረቡዕ ከሰዓት አስጠራኝና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«እኔም ተከራይ ነኝ» አለኝ ሲጨርስ። «አራተኛ ፎቅ ላይ። ሳነበው ስለ እኔ መሰለኝ።»

«ታሪክ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ዘመኑ ተጽፏል።»

«አይቻለሁ። እዚያ እስክደርስ ግን እኔ ራሴ ልቤ ሸፍቶ ነበር።»

ይህን ያህል ዓመት ስፈልገው የኖርኩት አንባቢ እሱ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ያነበበ፣ ነገሩ የነካው፣ እኔን የጠየቀኝ። የተቀመጠው ግን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው፣ ከጎኑ ማኅተም አለ።

«ላግዝዎት ፈልጌ ነው» አለኝ። «ልብ ወለድ ነው ይበሉ። ከራሴ የፈጠርኩት ነው፣ በየትኛውም ዘመን አልተፈጸመም ብለው ይፈርሙልኝ። በልብ ወለድ ሰው አይታሰርም። ከፈረሙ በዋስ እንዲለቀቁ እኔው አስተያየት እጽፋለሁ።»

በልብ ወለድ ሰው አይታሰርም ያለውን ተጠራጠርኩ፤ ግን ልከራከረው አልፈለግኩም። እስከ ነገ ከሰዓት እንዳስብበት ነገረኝና ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ክፍሉ ውስጥ በቀኜ የምትቀመጠው ከደቡብ የመጣች ወጣት ነበረች። ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የአሠሪዋን ወርቅ ሰርቀሻል ተብላ ነው የገባችው። ጠዋት ጠዋት በራሷ ቋንቋ ቀስ ብላ ትጸልያለች፤ ስትጸልይ አብጦ የጠቆረ የቀኝ እጇን አንጓ በግራ እጇ ትደግፈዋለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ወድቄ ነው ቲቸር» አለችኝ። የተማሪ ድርሰት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ከሌላ ሰው የተቀዳ ዓረፍተ ነገር አያመልጠኝም። ደግሜ አልጠየቅኳትም።

በግራዬ ያሉት እማማ የምላቸው ሴት ናቸው። ማክሰኞ ነው የገቡት። ስልሳን አልፈዋል፤ ጀሞ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ጉሊት ዘርግተው ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ። ደንብ አስከባሪዎች ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እሳቸው ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጡበት። «ሌላ ምን ላድርግ? ተቀመጥኩበት» ይላሉ ሲጠየቁ። ሁለት ሆነው አንስተዋቸዋል፤ ሲያነሷቸው የተመታው ዳሌያቸው አላስቀምጥ ብሏቸው አንድ ጎን ብቻ ይዘው ነው የሚያርፉት። የተጠረጠሩት ሥራ በማደናቀፍ ነው ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ እንድንሞቅ ወደ ግቢው አወጡን። የተያዙ ሞተር ሳይክሎች ተደርድረው አቧራ ለብሰዋል፤ በእነሱና በአጥሩ መካከል ለሰው የሚሆን ጠባብ ቦታ አለ። እማማ ጎናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ከጥፍራቸው ሥር የሽንኩርት አፈር በስንጥር እያወጡ ነበር።

«አንቺስ ምን አድርገሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጽፌ ነው እማማ።»

«ምን ጽፈሽ?»

ነገርኳቸው። ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከወረቀቷ አንድም ዓረፍተ ነገር የሳትኩ አይመስለኝም። ወጣቷም ጠጋ ብላ ታዳምጠኛለች። ስጨርስ እንደ ተማሪዎቼ ዝም ይሉና ቆይተው አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ተከራይ ነው ያልሽው?» አሉኝ እማማ።

«አዎ።»

«ምን ተከራይተው?»

«መሬት። ጭሰኛ ለማለት ነው እማማ። የዛሬ ልጆች ጭሰኛ ሲባል አይገባቸውም።»

ስንጥሩን ጣሉት። «እኛ ጭሰኛ ነበርን» አሉ።

ያን ጊዜ ያሰብኩት እጅግ ሞኝነት ነው፤ መቅረጫ የለኝም ብዬ ነው ያሰብኩት። ስልኬ ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«እኔ አሁን ተከራይ ነኝ» ብለው ቀጠሉ። «መካኒሳ የጭቃ ቤት ነው የተከራየሁት። ባለቤቷ ውጪልኝ ብትለኝ ፍራሼን በጋሪ አስጭኜ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። አለቅሳለሁ፣ ግን እፈልጋለሁ። ተከራይ ይሄ ነው። ጭሰኛ ወዴት ይሄዳል? ጭሱ ያለው የሰው መሬት ላይ አይደል?»

አባታቸው ታመው አንድ ሰሞን ለባለ ርስቱ አጥር ሊያጥሩ ሳይሄዱ ቀሩ። ሦስት ሰዎች መጡ። እማማ ያኔ ልጅ ናቸው፤ ስንት ዓመታቸው እንደነበር አያውቁም፣ ታናሽ ወንድማቸውን ያዝሉ እንደነበር ግን ያስታውሳሉ።

«አልመቱንም» አሉኝ። «ክፉም አልተናገሩንም። እናቴ ከወንዝ ቀድታ ያመጣችውን እንስራ አነሱና ምድጃው ላይ ገለበጡት። ‹ጭሳችሁ ጠፍቷል› አሉን። በቃ፣ ሄዱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነቀልን። እናቴ ያለቀሰችው ግን ስለ መሬቱ አልነበረም። ስለ ውሃው ነበር። ‹ያን ያህል መንገድ ተሸክሜ› እያለች። አመዱ ሲንጣጣ ይሰማኛል አሁንም።»

አፈርኩ። ስለ ጭሰኛ ያነበብኩት መጽሐፍ ጥቂት አይደለም፤ ሲሶውን፣ እኩሉን፣ ግዴታውን አውቀዋለሁ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ያ ውሃ ግን አንዱም ላይ አልነበረም። እኔ ደግሞ ሰው እንዲረዳኝ ስቸኩል፣ ፍራሹን በጋሪ ጭኖ መሄድ የሚችል ሰው አደረግኳቸው። ቃሉን ያቀለልኩ መስሎኝ ነገሩን ነው ያቀለልኩት። እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አንገቴ ድረስ ሞቀኝ፤ ዘበኛዋ ግቡ እስክትለን ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ቀትር ላይ እህቴ ምሳ ይዛ መጣች። በሩ ላይ አምስት ደቂቃ ይፈቀዳል። ሽሮውን ራሷ እንድትቀምሰው አደረጓት፣ እንጀራውን አንድ በአንድ ገልጠው አዩት፤ ከዚያ ምሳ ዕቃውን እኔ እንድይዘው ተፈቀደ።

«ርዕሰ መምህሩ ደውሎልኝ ነበር» አለችኝ። «ሰኞ ክፍል ካልገባሽ በቦታሽ ሌላ ሰው ይመደባል።»

«ሰኞ አለ?»

«ሰኞ። መርማሪውንም አናግሬዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። ፈርሚለት። ውሸት ነው በይውና ውጪ። የሞቱ ሰዎች ናቸው፣ ማን ይወቅስሻል?»

«ሁሉም አልሞቱም።»

«እና የት ያገኙሻል?»

ውስጥ፣ በግራዬ በኩል ልላት ነበር። ዘበኛው እየሰማን ስለሆነ ዝም አልኩ። እህቴ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ በእኔ የተነሳ ሱቋን ዘግታ ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተት የሰነበተች እሷ ናት። «እሺ፣ እፈርማለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ሥራዬን እወዳለሁ፤ እሱን ካጣሁ የምከራየውን ቤት በምን እይዘዋለሁ? ያ ባልዲም አለ። ሰው ስለ እውነት ሲያስብ ስለ ባልዲም እንደሚያስብ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።

ምሳውን መሐል አስቀምጠን ለሦስት በላን። ወጣቷ በግራ እጇ መብላት ስላፈረች እማማ ያጎርሷታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ልናገር ብዬ ተውኩት፤ በመጨረሻ ወደ ምሳ ዕቃው እያየሁ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ዛሬ ከሰዓት እፈርማለሁ። የጻፍኩት ነገር ውሸት ነው፣ ተፈጽሞ አያውቅም ብዬ።»

«ከፈረምሽ ትወጫለሽ?»

«እወጣለሁ።»

«እንግዲያው ፈርሚ» አሉኝ። «እኔን እንደሆን የጠየቀኝ የለም። እስከ ዛሬም የጠየቀኝ የለም። አልቀየምሽም።» ከሽሮው በደንብ አጥቅሰው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና አጎረሱኝ።

ወጣቷ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየችና «ቲቸር፣ እማማ ያሉት ግን ውሸት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ጉርሻው አፌን ሞልቶት ስለነበር በራሴ አይደለም አልኳት። «እ» አለች። አልሰረቅኩም ብላ ስትናገር ስድስተኛ ቀኗ ነበር።

እማማ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጡኝ እከራከራቸው ነበር፤ ልጅ የለኝም ወይ፣ ሥራ የለኝም ወይ፣ የእርስዎን ነገር ማዳን የእኔ ብቻ ዕዳ ነው ወይ እያልኩ። ልጅ እንኳ የለኝም፣ ግን እል ነበር። እሳቸው ፈርሚ ብለው አጎረሱኝና ለክርክር የሚሆን ነገር አሳጡኝ። የቀረውን እንጀራ ሲያጣጥፉ፣ ጎናቸውን ቀይረው ሲያቃስቱ እያየሁ ተቀመጥኩ። ብስራተ ገብርኤል በኩል ደወል ሲሰማ እማማ አማተቡ። ወዲያው ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ቃሌን በእጁ ጽፎ ጨርሶት ነበር። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ አለው። «ያንብቡትና እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። አነበብኩት። ተከራዮች በአከራያቸው ላይ አድርገውታል ተብሎ የተጻፈው ከራሴ አእምሮ ያፈለቅኩት ፈጠራ ሲሆን በየትኛውም ዘመንና በየትኛውም ቦታ ያልተፈጸመ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ የት ላይ እንደምፈርም ሳይሆን ምን እንደማርም እያየሁ እንደሆነ ለራሴም የታወቀኝ ዘግይቶ ነው።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አልኩት።

ሰጠኝ። «ተከራዮች» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከላዩ «ጭሰኞች» ብዬ ጻፍኩ። «አከራያቸው» የሚለውንም ሰርዤ «ባለ ርስታቸው» አልኩ። ከዚያ ከራሴ አእምሮ ከሚለው ጀምሮ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ሰረዝኩና፣ ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ትልልቅ ፊደል ጎኑ ላይ እንዲህ አልኩ፤ «ተፈጽሟል። የእኔ ስህተት ጭሰኛን ተከራይ ማለቴ ነው።» እሱ ሥር ፈረምኩ።

ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«ጭሰኛ ምን ማለት ነው?» አለኝ። የምር ነው የጠየቀኝ።

«ጭሱ በሰው መሬት ላይ የሆነ ሰው ነው» አልኩት። «ምድጃው ላይ ውሃ ከገለበጡበት የሚሄድበት የሌለው።»

«ውሃ ይገለብጡበት ነበር?»

«አዎ።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ነበር፤ ጫፉ ወረቀቱ ላይ አርፏል። በበሩ በኩል ያለውን ኮሪደር፣ የእኛን ክፍል፣ አንድ ጎን ብቻ ይዘው የተቀመጡትን ሴት አሰብኩ። በማግስቱ ይወጣሉ ተብሎ ነበር። «መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት» አልኩት። ዋሸሁ። እሱም መጽሐፍ ብሎ ጻፈ።

«ይሄ አያስወጣዎትም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቃል ነው እኮ።»

«አዎ፣ አንድ ቃል ነው።»

ቀዶ ሊጥለው፣ ሌላ ሊጽፍ ይችል ነበር። አልቀደደውም፤ ከመዝገቡ ጋር አያይዞ ዘጋው። ደግነት ይሁን ስንፍና እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እማማ ዓርብ ወጡ። በሩ ሲከፈትላቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ፤ ፈረምሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ አለመውጣቴን አይተዋል። ወጣቷን ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። የት እንደሆነ ጠየቅኩ፤ አንቺን አይመለከትም ተባልኩ። ጫማዋን ሳታደርግ ነው የወጣችው። እኔ ላይ ሌላ አሥራ አራት ቀን ተጨመረብኝ፤ ከዚያ በዋስ ለቀቁኝ። ክስ አልተመሠረተብኝም፣ መዝገቡም አልተዘጋም። በቦታዬ ሌላ መምህር ገብቷል፤ ጥሩ ልጅ ነው ይሉኛል።

አሁን ሰው ቤት እየዞርኩ ልጆች አስጠናለሁ። ወረቀቷን እንደገና ለመጻፍ ብዙ ወራት ፈጀብኝ፤ ፍርሃት እንደነበረበት አልደብቅም። በዚህኛው ላይ ጭሰኛው ጭሰኛ ነው። ቃሉ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ስለ ምድጃው፣ ስለ ውሃውና ለውሃው ስላለቀሰችው እናት ጻፍኩ፤ ሌላ ትርጉም አላስፈለገውም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ አነበበችና ምንም ሳትጠይቀኝ ማሽኑን አቁማ ገጹን ደግማ አነበበችው።

ከማደሌ በፊት ግን እማማን ፈልጌ ሄድኩ። ያው ትምህርት ቤት አጥር ሥር ናቸው። ሽንኩርቱን አሁን የሚዘረጉት አራት ማዕዘኑ በገመድ በታሰረ ላስቲክ ላይ ነው፤ ደንብ አስከባሪ ከመጣ ገመዱን ሰብስበው ለመሄድ። ድንጋይ ጎትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ደንበኛ ሲመጣ አቆማለሁ፣ ሲሄድ እቀጥላለሁ። አንድም ቃል አላረሙኝም።

«ጥሩ ነው» አሉኝ ስጨርስ። «ይሄ የማን አባት ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ እማማ።»

«ስሙ የታለ?»

ስም ያልጻፍኩት ለእሳቸው ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጣቢያም ማን ነገረሽ ስባል መጽሐፍ ነው ያልኩት ለእሳቸው ብዬ እንደሆነ፣ ለዚህም ሌላ አሥራ አራት ቀን እንደተቀመጥኩ። ይህን የመጨረሻውን ባልናገር ይሻል ነበር፤ ምስጋና ፈልጌ ነው የተናገርኩት። እማማ የተበተኑትን ሽንኩርቶች እየመለሱ አዳመጡኝ።

«ባለ ርስቱም በስሙ ጠርቶት አያውቅም» አሉኝ ሳይቆጡ። «‹ያ የማዶው ጭሰኛ› ነበር የሚለው። ልጆቹም እንደዚያ፣ ውሃውን የገለበጡትም እንደዚያ። አንቺም እንደዚያው አደረግሽው።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። የእርስዎንስ ልጻፈው ወይ አልኳቸው።

«የእኔን ተይው» አሉኝ። «እኔ ነገም እዚህ ነው የምሸጠው። የእሱን ጻፊ።»

እዚህም የማንንም ስም አልጠራሁም፤ የመርማሪውን፣ የወጣቷን፣ የእህቴን፣ የራሴንም። የእማማ አባት ግን ቢያድግልኝ ይባሉ ነበር።